ማተቡ አንገት ላይ አለ፤ ቁናው ላይስ?

አስተባባሪው (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ላሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የአምስት ሳምንት ትምህርት እያሰናዳን ነው። ርእሱ ክርስትና በሥራ ቦታ ነው። አብዛኞቹ እህል ንግድ፣ ወተት፣ በግ፣ የቀን ሥራና ባጃጅ ላይ ናቸው። ስብከቱን መምህራኑ ያውቁበታል፤ የጎደለን ዝርዝሩ ነው። «ታማኝ ሁኑ» ስንላቸው «አሜን» ብለው ይወጣሉ። ሰኞ ጠዋት ሚዛን ፊት ሲቆሙ እጃቸው ምን ማድረግ እንዳለበት ግን የነገራቸው የለም። በየሙያችሁ ነገሩ የቱ ላይ እንደሚበላሽ፣ ለምን እንደሚበላሽና በምን እንደሚቃና ጻፉልን። ገጠመኝና ምስክርነት ሌላ የውይይት ክር ላይ ስላለ እዚህ ባታመጡት ደስ ይለናል።

የእነዋሪው
ከቁናው ልጀምር። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረታችንና ሉቃስ 6፥38 የሚሉት አንድ ነገር ነው። ወንጌሉ የተጠቀጠቀ፣ የተነቀነቀ፣ ሞልቶ የተትረፈረፈ መስፈሪያ ይላል። ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ማጭበርበሪያው በሙሉ ያለው እነዚያ ሦስት ቃላት ውስጥ ነውና። ሲገዛ ቁናውን ይነቀንቃል፣ በመዳፉ ይጠቀጥቃል፣ ቆልሎ ይወስዳል። ሲሸጥ ደግሞ ቀስ ብሎ አፍስሶ አፉን በክንዱ ይጠርገዋል። ዘዳግም 25 ትልቅና ትንሽ መስፈሪያ አንድ ቤት ውስጥ አይኑር ሲል ብዙ ሰው «እኔ ያለኝ አንድ ቁና ነው» ብሎ ያልፋል። አንዱ ቁና በሁለት አሰፋፈር ሁለት ቁና ይሆናል።

ማቃኛው ቀላል ነው። ዋጋ ከመነገሩ በፊት አሰፋፈሩ ይነገር፤ በቁልል ነው ወይስ ተጠርጎ? ከዚያ በገዛህበት አሰፋፈር ሽጥ። ቁናውን ከታች እያየህ አራግፈው፤ ስንጥቁን ለመድፈን የተለቀለቀው እበት በየዓመቱ እየወፈረ ሆዱን ያጠበዋል፣ ባለቤቱም ላያስተውለው ይችላል።

ሚዛን ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ገበሬው ቁናን በዓይኑ ይፈርዳል፣ የሚዛኑን ሆድ ግን አያይም። በኩንታል 2 ኪሎ የሚበላ ሚዛን 50 ኩንታል ሲገባበት አንድ ሙሉ ኩንታል ወስዷል። ሌብነቱን የፈጸመ እጅ የለም፤ ሁሉም «ሚዛኑ ያለውን ነው» ይላል።

ባለ ሚዛን
የእነዋሪው ያለው ልክ ነው፤ ስለ ከረጢት ቅናሽ ግን ልጨምር። አንድ ኪሎ «ለከረጢት» ብሎ መቀነስ በየቦታው አለ። ለቃጫ ጆንያ ያስኬዳል፤ የጆንያ ክብደት አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ዛሬ እህሉ የሚመጣበት የላስቲክ ማዳበሪያ ግን ባዶውን ሲመዘን ከ200 ግራም አይበልጥም። ስለዚህ በየከረጢቱ 800 ግራም የገበሬው እህል «ከረጢት» በሚል ስም እየቀረ ነው። መፍትሔው አሥር ባዶ ማዳበሪያ አንድ ላይ መዝኖ ለአሥር ማካፈልና ያንን ቁጥር ሚዛኑ አጠገብ በወረቀት መለጠፍ ነው። በየዋህነት የሚቀንስ አለ፣ ልማድ ሆኖበት። አሁን ካነበበ በኋላ ግን የዋህነቱ ያበቃል።

አስተባባሪው (ጠያቂ)
ባለ ሚዛን፣ እግዜር ይስጥልን። ልጆቹ የራሳቸውን ሚዛን በምን ይፈትሹት? ማመሳከሪያ ክብደት የላቸውም።

ባለ ሚዛን
በታሸገ ውሃ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ 2 ሊትር 24 ጠርሙስ 48 ኪሎ ውሃ ይይዛል፤ ፕላስቲኩ ሲደመር 49 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በጀሪካን አትሞክሩት፤ ባለ 20 የሚባለው ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር በላይ ይይዛል፣ ያኔ ደህናውን ሚዛን «ይጨምራል» ብላችሁ ታበላሹታላችሁ።

ሦስት ጊዜ ንባብ ውሰዱ፤ ባዶውን፣ ግማሹን ጭነት ጭናችሁ፣ ሙሉውን ጭናችሁ። ባዶውም ሙሉውም በእኩል ኪሎ ከሳተ ችግሩ የዜሮው ነው፤ በብሎኑ ይስተካከላል። ባዶው ዜሮ ሆኖ ጭነቱ ሲጨምር ስህተቱም አብሮ የሚያድግ ከሆነ ግን ውስጡ ስለሆነ ለባለሙያ ይሰጥ እንጂ በብሎን አትነካኩት። የሚንጠለጠለው የሞላ ሚዛን በተለይ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ወይም ጭነት ተሰቅሎበት ሲያድር ሞላው ይላላል። መሬት ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ወለሉ ዘንበል ካለ ወይም ሥሩ እህል ከገባ ይሳሳታል፤ በየጠዋቱ ሥሩን መጥረግ ነው።

ነጋዴ ነኝ
ሁሉም ጥሩ ነው። ግን እዚህ የሚጻፈውን ሁሉ የሚያደርግ ነጋዴ ሱቁን በሦስት ወር ይዘጋል። ጎረቤቴ ቀይ ጤፍ ከነጭ ደባልቆ በነጭ ዋጋ ሲሸጥ እኔ ለብቻዬ ጻድቅ ልሁን?

የእነዋሪው
ወንድም ዓለም፣ መደባለቁ ኃጢአት አይደለም። ሰርገኛ የሚባል ጤፍ አለ እኮ፤ ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት፣ ሰው ወዶ የሚገዛው፣ የራሱ ዋጋ ያለው። ጥፋቱ ስሙ ላይ ነው፤ ሰርገኛውን «ማኛ» ስትለው። ሦስት ከረጢት አፍ ከፍተህ አስቀምጥ፣ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ እያልክ ዋጋ ጻፍበት። ደንበኛው ከአንድ ዓይነት ከረጢት ሁለት ጊዜ ገዝቶ አንድ ዓይነት እንጀራ ከወጣለት ሌላ ቦታ አይሄድም። ለእንጀራ ሻጭ ደግሞ ዱቄቱ አለመለዋወጡ ከዋጋው ይበልጥባታል፤ እርሾዋንና ውሃዋን የምትለካው በለመደችው ዱቄት ነው።

ውሃ ማርከፍከፍ ግን ምንም ስም አይሰጠውም። በኩንታል አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይጨምራል፤ ከዚያ እህሉ ገዢው ጎተራ ውስጥ ይሻግታል። ሻጋታውን አንዳንዴ ዓይን ያየዋል፣ የሚተወውን መርዝ ግን ወፍጮም ምጣድም አያጠፋውም። ስንዴን በጥርስ ሲነክሱት ቀጭ ካላለና ከተለጠጠ እርጥበት አለበት፤ ተሰጥቶ ይድረቅ።

ጎተራ
የእህል ነገር ከተነሳ አንድ ትልቅ ነገር ተረሳ፤ የነቀዝ ክኒን። ስድስቱ ቃላተ ወንጌል «ተርቤ አብልታችሁኛል» ይላሉ። ምን እንዳበላን ማወቅም የዚያው ክፍል ነው።

ክኒኑ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ስህተቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሰው በሚተኛበት ቤት መጠቀም (በጭራሽ፣ በመጋረጃ የተከፈለ ክፍልም ቢሆን)፤ «አንድ ለአንድ ኩንታል» ብሎ በየከረጢቱ መወርወር፣ መጠኑ የሚሰላው በቶን ስለሆነ ይህ ከሚገባው በላይ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዛሬ ክኒን ገብቶበት ነገ ገበያ የሚወጣው እህል። ገዢዋ ከረጢቱን አልጋዋ ሥር ታስቀምጠዋለች፣ ልጆቿም እዚያው ያድራሉ።

የሚገባው፦ እህሉ ሰው ከማያድርበት መጋዘን ውስጥ በሸራ ታፍኖ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቀን ይቆያል። እኛ ደጋ ላይ ብርዱ ጋዙ የሚወጣበትን ፍጥነት ስለሚያዘገየው ቆላ ላይ የሚበቃው ቀን ደብረ ብርሃን ላይ አይበቃም። ከዚያ ተከፍቶ በደንብ ይናፈሳል፣ የክኒኑ አመድም ተለቅሞ ይቀበራል። ስትሸጥ «ክኒን የገባበት በዚህ ቀን ነው፣ የተናፈሰው በዚህ ቀን ነው» በል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው እህል በረት ላይ ከዚህ የተለየ መልክ የለውም።

የመንዙ
በግ ላይ። ገበያ ማለዳ ጨው አልሶ ውሃ ማጠጣት የተለመደ ነው፤ ሁለት ሦስት ሊትር የጠጣ በግ ሁለት ሦስት ኪሎ ከብዶ፣ ጎኑ ሞልቶ ይታያል። ማታ ይሸናዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ዓርብ ጾሞ ቅዳሜ ውሃ በሥጋ ዋጋ ይሸጣል።

ዕድሜ በጥርስ ነው፤ ሁለት ቋሚ ጥርስ ያወጣ አንድ ዓመት ያለፈው ነው፣ ስምንቱን የጨረሰ አራት ዓመት ገደማ። «ጠቦት ነው» ስትል ገዢው ከንፈሩን ገልጦ እስኪያይ አትጠብቅ፣ አንተው ግለጥለት። የዓይኑን ሥር ገልብጠህ አሳየው፤ ነጣ ያለ ከሆነ ደሙ አንሷል ማለት ነው። አገጩ ሥር እብጠት ካለ ብዙ ጊዜ የጉበት ትል ነው፤ ረግረግ ዳር የሚግጥ በግ ይይዘዋል። ለእርባታ የሚገዛህን ሰው «ለእርባታ አይሆንህም» በለውና ዋጋውን ቀንስ። መርፌ የተወጋ በግ ደግሞ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልቅ ለዕርድ አይሸጥ።

በጋራ ተጠብቆ በቀን የሚከፈተውን የጓሳ ሣር ከተፈቀደው ቀን ቀድሞ ሌሊት ማጨድም ከዚሁ ይቆጠር።

የወተት ማኅበር
ወተት ላይ አጭር ነው። ንጹሕ የላም ወተት በጥግግት መለኪያው ከ1.026 እስከ 1.032 ያሳያል። ውሃ ሲገባበት ይወርዳል፣ ቅባቱ ሲገፈፍ ይወጣል። ስለዚህ ገፍፎ ውሃ የሚጨምር ሰው መለኪያውን ያልፋል። መለኪያ የሚይዘው ጀማሪውን ብቻ ነው፤ የተካነው የሚያዘው በኅሊናው ነው፣ ካለው። ለወጣቶቹ ይህን ንገሯቸው፤ ቁጥጥር ሁሉ ቀዳዳ አለው።

ሌላው ጾም ነው። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ገዢ ሲጠፋ ሰብሳቢው «ወተትህ ጎምዝዟል» እያለ ይመልሳል፣ ሳይጎመዝዝ። እውነቱን ቢናገር ይሻላል፤ «በጾም ይህን ያህል ሊትር ብቻ እቀበላለሁ» ብሎ ከጾሙ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢያሳውቅ ባለ ላሙ ቅቤና አይብ ለማውጣት ይዘጋጃል። ጾሙን ለራሱ የጾመ ሰው የጾሙን ኪሳራ ለጎረቤቱ ማሸከም የለበትም።

ቆሎ ተማሪ
እስካሁን የተጻፈው ሚዛንና መለኪያ ነው። አንደበቱስ? ገበያ ውስጥ «ማርያምን!»፣ «ሚካኤልን!»፣ «ማተቤን!» የማይባልበት ደቂቃ የለም፤ አብዛኛው ደግሞ ለሃያ ብር ልዩነት ነው። ማቴዎስ 5፥37 ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ይላል። አባቶቻችን «ባለ ማተብ ነው» ሲሉ የሚታመን ሰው ማለታቸው ነበር። ክሩ ታማኝነቱን አላመጣም፤ ታማኝነቱ ነው ክሩን ያስከበረው።

በተግባር፦ «በገዛሁበት ነው የሸጥኩልህ» አትበል፤ አይደለምና። የገዛህበትን የመናገር ግዴታ የለብህም፣ ዝም ማለት ውሸት አይደለም። «ዋጋው ይህ ነው» በል። «የመጨረሻው» ካልክ ደግሞ የመጨረሻው ይሁን፤ ሰውዬው አሥር እርምጃ ሲሄድ «ና ና፣ ውሰደው» የምትለው ከሆነ የቅድሙ ቃልህ ምን ነበር?

ወንጌላዊ ወንድም
ከይቅርታ ጋር፣ እኛ ማተብ አናስርም፤ ማቴዎስ 5 ግን ያው ነው። ርእሱ ማተብ ባይሆን ሁላችንንም ያካትት ነበር።

ቆሎ ተማሪ
እውነትህን ነው ወንድሜ፤ ሚዛኑ የሁላችን ነው። ርእሱ የወጣቶቹን ስለሚመለከት እንዲህ ሆኖ ነው።

ሸንኮራ ዳር
የቀን ሠራተኛ ጉዳይ አልተነሳም፣ ገረመኝ። ምንጃር ላይ የጤፍ አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። አጫጁ ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር የመጣ፣ ዘመድ የሌለው፣ ጾሞ የሚያጭድ ሰው ነው። ዘዳግም 24 ደመወዙን ፀሐይ ሳትገባ ስጠው ይላል፤ ያዕቆብ 5፥4 ደግሞ የተከለከለው የአጫጅ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። ጸሐፊዎቹ ማሳ ያውቁ ነበር።

ማጭድ ከመነሣቱ በፊት አራት ነገር ተነጋገሩ። ክፍያው በቀን ነው ወይስ በጥማድ? (አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ብትሉም ጥማዱን አብራችሁ በገመድ ለኩት፤ «የእኔ ጥማድ ሰፊ ነው» የሚል ጠብ የሚነሣው ሲጨረስ ነው።) ምሳው ከማን ነው? ዝናብ ወይም ሕመም ከግማሽ ቀን በኋላ ካቋረጠው ስንት ይከፈላል? የሚከፈለው በየዕለቱ ነው ወይስ በመጨረሻ? በመጨረሻ ከሆነ ቀኑ በሁለታችሁም ስልክ ይጻፍ።

እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ካለ ማለዳ 12 ሰዓት ጀምሮ ከባዱን ሥራ ቀድሞ ይጨርስ፣ ከሰዓት ነዶ መሰብሰብ ይሁንለት። የምትሰጡት ሽሮ ከቤታችሁ ሽሮ የቀጠነ አይሁን። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ አጫጆች ግን ስለ ባለ ማሳው ከሁሉ በፊት የሚናገሩት እሱን ነው።

ለአጫጁም አለ። ቆላስይስ 3፥22 ለታይታ አትሥሩ ይላል። ባለ ማሳው ሲሄድ ከፍ አድርጎ ማጨድ ያፈጥናል፣ ግን ጭዱ እርሻ ላይ ይቀራል፤ በክረምት ያ ጭድ የበሬ ነፍስ ነው።

ባጃጅ ቁጥር የለውም
ባጃጅ፦ መልስ «ዝርዝር የለኝም» ብሎ ማስቀረት ሌብነት ነው፤ ማለዳ ዝርዝር ይዞ መውጣት ነው። ሦስት ሰው ከኋላ፣ አለቀ። የተረሳ ስልክ ሲደወልበት አንሱት፤ «ነዳጅ ሙላልኝ» ብሎ መደራደር መመለስ አይባልም። ታቦት ሲያልፍ ተሳልሞ ቀጥሎ የሚሳፈሩትን አሮጊት መንገድ አያውቁም ብሎ እጥፍ ማስከፈልም አለ፤ በተለይ ወደ ጻድቃኔ ማርያም መሄጃ መኪና ለሚጠይቁ ጸበልተኞች። ሌላ የምጨምረው የለም።

የቀወቷ
እንደ እኔ የእምነት ምስክርነት ከሁሉ በላይ የሚታየው ሌላ እምነት ካለው ጎረቤት ጋር ነው። ሸዋ ሮቢትና ዙሪያው ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ግድግዳ የሚጋሩበት ነው። ሠርግ ወይም ተዝካር ስትደግሱ ሙስሊም ጎረቤታችሁን «ና» ብሎ መጥራት ብቻ አይበቃም፤ የሚበላው ነገር ሊኖር ይገባል። ከብቱን ወይም በጉን ራሱ ጎረቤታችሁ ይረድ፤ ቢላዋው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ የሚቆረጥበት ጣውላ የተለየ ይሁን፤ ወጡን ሙስሊም ሴቶች ይሥሩት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ዕርዱ በትክክል ሆኖ አንዷ ከክርስቲያኑ ድስት ቅቤ በዚያው ጭልፋ ትጨምራለች። ሰዎቹ በትሕትና «ጠግበናል» ይላሉ፣ እናንተም ሳታውቁት ይቀራል። መጠጡ ከሪቦ ወይም ለስላሳ ሆኖ ጠላው ከማይደርስበት ድንኳን ይቀመጥ። የሚቀርበውም ከእናንተ እንግዳ ጋር እኩል ሰዓት ላይ ይሁን፣ ሲተርፍ አይደለም።

አስተባባሪው (ጠያቂ)
የቀወቷ፣ ይህን እንዳለ ወስደናል። የቀረን የምጽዋት ሳምንት ነው። ልጆቹ በዓል ሲሆን ሲመጸውቱ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ማቴዎስ 6 ግራህ ቀኝህ የምትሠራውን አትወቅ ሲል፣ ማቴዎስ 5 ደግሞ ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ ይላል። ግራ ገብቷቸዋል።

ቆሎ ተማሪ
አይጋጩም። ሥራው ይታይ፣ ሠሪው ይደበቅ። ሚዛንህ ትክክል መሆኑን ገበያው ሁሉ ይወቅ፤ ለማን ግማሽ ኩንታል እንደ ሰጠህ ማንም አይወቅ። ካሜራ ፊት የቆመችው እናት ምጽዋቱን በፊቷ ከፍላለች፤ ይህ ግዢ ነው።

በሥራ ሲተረጎም፦ ወፍጮ ቤት ሂዱና ለባለ ወፍጮው «የእነ እገሌ እህል በእኔ ሂሳብ ይፈጭ፣ ማን እንደ ከፈለ አትናገር» በሉት። እህል ይዘው የሚመጡት ራሳቸው ስለሆኑ አይዋረዱም፤ የሚቆጥቡት ገንዘብም እጃቸው ይቀራል። እህል ራሱ የሚሰጥ ከሆነ በፋሲካ ሳይሆን በሐምሌና ነሐሴ ይሁን፤ ጎተራው የሚራቆተው ያኔ ነው። ሴፍቲኔት ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ያስባል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት 75 ኪሎ ይፈልጋል፤ ግማሽ ኩንታል ስትሰጡ 20 ቀን ሰጣችሁ ማለት ነው። «ወሩን ሸፈንኩ» ብላችሁ እንዳትተኙ።

የመንዙ
ቆሎ ተማሪ፣ ወሩ ላይ ላርምህ። ሐምሌና ነሐሴ የመኸር አገር ችግር ነው። እኛ ጋና በአንኮበር ደጋ በልግ የሚዘራበት ቀዬ ገብሱ የሚደርሰው ሰኔ መጨረሻ ነው፤ የሚከብደው ሚያዝያና ግንቦት፣ በልጉ ከከዳ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ። ለመስጠት የምትነሡበትን ወር ከቀዬው ሰው ጠይቁ።

ቆሎ ተማሪ
ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ።

ነጋዴ ነኝ
ጥያቄ አለኝ። የባለፉትን ዓመታት የከረጢት ቅናሽ ያሰላ ሰው፣ ገበሬዎቹን በስም የማያውቃቸው፣ ምን ያድርግ? ዘኬዎስ አራት እጥፍ ብሏል፤ እኔ ጋ ደረሰኝም የለም።

ቆሎ ተማሪ
የምታውቃቸውን ፈልገህ በእጃቸው መልስ፤ ምክንያቱን ንገራቸው፣ «ስጦታ ነው» አትበል። የማታውቃቸውን ገምተህ፣ ወደ ላይ ገምተህ፣ ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካከርና ለዚያው ቀዬ ድሆች ይድረስ፤ ለሕንፃ ማሠሪያ ሰጥተህ ስምህ እንዳይነበብበት። ከዚያ ያንን ወረቀት ሚዛኑ አጠገብ ለጥፍ፣ ባለ ሚዛን ያለውን።

ባለ ሚዛን
አሥር ማዳበሪያ መዝነህ ለአሥር ስታካፍል፣ አቧራውን አራግፈህ መዝን። አስተባባሪው፣ ውሃውን ከሙከራው በኋላ ልጆቹን አጠጧቸው፤ 24 ጠርሙስ ዝም ብሎ አይቀመጥም።